ጠዋት አልነሣ የሚል፣ በሥራ መካከል የሚጨልም ስክሪን፦ በእርግጥ ጥፋቱ የግራፊክስ ካርዱ ነው?

ፊደል ለቃሚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የመጻሕፍት ፊደል ለቃሚና ገጽ አቀናባሪ ነኝ። የምሠራበት የጠረጴዛ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2010 የተገጣጠመ ነው። ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 1 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ግራፊክስ ካርድ (ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ሰሌዳ) እና 400 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) አለው። ካርዱ ተጨማሪ ኃይል የሚወስደው በባለ ስድስት ፒን ገመድ ነው። ሞኒተሩ ባለ 19 ኢንች ሲሆን፣ ካርዱ ላይ ካለው ዲቪአይ ከሚባለው የሥዕል መውጫ በአዳፕተር አልፎ፣ ቪጂኤ በሚባለው የድሮ ዓይነት የሥዕል ኬብል ይገናኛል።

«ለምን አትቀይሪውም?» የሚል መልስ ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሜ ልናገር። ከዩኒኮድ (ከዛሬው የጋራ የፊደል አመዘጋገብ) በፊት በተሠሩ ፎንቶች የለቀምኳቸው የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዎቼ ገጻቸው ሳይዛባ የሚከፈቱት በዚህ ማሽን ላይ ባለው ፕሮግራም ብቻ ነው። ወደ አዲሱ አሠራር እያዛወርኳቸው ነው፤ ገና ግን ግማሽ አልደረስኩም። ይህ ኮምፒውተር እስከዚያ ድረስ መቆየት አለበት።

አሁን ወደ ችግሩ። ጠዋት ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ መብራቶቹም ይበራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የሞኒተሩ መብራት ብርቱካናማ ይሆናል። አጥፍቼ ሳበራ፣ እንደገና አጥፍቼ ሳበራ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙከራ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሣል። ቀትር ላይ አጥፍቼው ከሰዓት ስመለስ ግን በመጀመሪያው ሙከራ ይነሣል።

ከተነሣ በኋላ ደግሞ አርባ ደቂቃ ያህል በሰላም ይሠራና፣ ፎቶግራፍ የበዛበት ገጽ ላይ ወደላይና ወደታች ስል ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ለእርማት የማዳምጠው የድምፅ ንባብ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። አንድ ቀን በጨለማው ውስጥ ኮንትሮልንና ኤስን ተጭኜ አጠፋሁት፤ ሲነሣ ሥራዬ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሌላም አለ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ነጭ የነበረው ገጽ እንደ አሮጌ ወረቀት ቢጫ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ይህን የሞኒተሩ እርጅና ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

እስካሁን ራሙን ነቅዬ መዳቡን በላጲስ አጽድቼ መልሻለሁ። የማዘርቦርዱን (የዋናውን ሰሌዳ) ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ቀይሬአለሁ። የካርዱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ። ምንም ለውጥ የለም። አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄው ነበር፤ ሳጥኑን ሳይከፍት «ካርዱ ሞቷል፣ እንዲህ ያለ ካርድ አሁን አይገኝም፣ ሙሉውን ጣይው» አለኝ። ሳይከፍት እንዴት እንዳወቀ አልገባኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጀማሪ ጠጋኝ፦

ሰላም እህቴ። ምንም ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪልን። ስክሪኑ በጨለመ ጊዜ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያለውን ነም ሎክ ተጫኚው። መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ታያለሽ ወይስ ቀጥ ብሎ ይቀራል? ከታዘዘሽ፣ ስክሪኑ ቢጨልምም ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን በጠዋቱም በሥራ መካከል በሚመጣውም ጨለማ ሞክሪው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉና።

ድምፅም አዳምጪ። ማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ ጡሩምባ ካለ፣ ግራፊክስ ካርዱን ሳያገኝ ሲቀር ይጮሃል። ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) እንደ ሠሪው ይለያያል፦ በብዙ የአዋርድ ባዮሶች አንድ ረጅምና ሁለት አጭር፣ በኤኤምአይ ባዮሶች ደግሞ ስምንት አጭር ድምፅ የግራፊክስ ችግር ምልክት ነው።

ባለ መልቲሜትሩ፦

የጀማሪ ጠጋኝ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ሙሉ ታሪክሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የገረመኝ የጠዋቱንና በሥራ መካከል የሚመጣውን ጨለማ በአንድ በሽታ ለማስረዳት መሞከራችሁ ነው። ጠጋኙም አንቺም። አሥር ዓመት ያለፈው ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ሊያረጅ ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው እንየው። እኔ ከቀላሉ ልጀምር።

ቢጫው ቀለም፦ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ክፈቺ፤ ብሩህነት የሚስተካከልበትን ማለቴ ነው። ያ ሜኑ የሚሣለው በሞኒተሩ ውስጥ ነው፤ ከኮምፒውተሩም ከኬብሉም አይመጣም። ከኋላው ያለው ገጽ ቢጫ ሆኖ ሜኑው ላይ ያለው ነጭ ንጹሕ ነጭ ከሆነ ሞኒተርሽ ጤነኛ ነው። ሜኑውም ቢጫ ከሆነ ሞኒተሩ በእርግጥ አርጅቷል። ቪጂኤ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን በሦስት የተለያዩ ሽቦዎች ያመላልሳል፤ በቅደም ተከተል ፒን 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ሰማያዊው ሲደክም ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። አረንጓዴው ቢደክም ሮዝ፣ ቀዩ ቢደክም ውኃ ሰማያዊ ይሆን ነበር። ስለዚህ የኬብሉን ሁለቱንም ጫፎች ነቅለሽ ፒኖቹን በደንብ ተመልከቺ። አንድ ፒን ከመካከለኛው ረድፍ ቢጎድል አትደንግጪ፤ ፒን 9 በብዙ ኬብሎች ላይ ሲሠራ ጀምሮ የለም።

የአርባ ደቂቃው ጨለማ፦ ድምፁ ስለሚቀጥልና ፋይልሽም ስለተቀመጠ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ እየሠሩ ነው። የጠፋው ሥዕሉ ብቻ ነው። እኔ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው። ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫኚና ሙቀቱን ወደ ፋይል እንዲመዘግብ አድርጊው። ስክሪኑ ሲጨልም ኮምፒውተሩን የማብሪያ ቁልፉን አንዴ ነካ በማድረግ በሥርዓት አጥፊው፤ ስታበሪው የመዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች አንብቢ። ካርዱ ከመጥፋቱ በፊት ስንት ዲግሪ እንደነበር በቁጥር ታገኚዋለሽ።

የጠዋቱ ጨለማ ግን ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። እርሱን የነም ሎክ ምላሽሽን ካየሁ በኋላ እመለስበታለሁ። ማዘርቦርዱ የራሱ ቪጂኤ መውጫ ካለው አንድ ሙከራ ጨምሪ፦ ማታ የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ንቀይ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነሽ የቀረውን ኃይል አራግፊ፣ የሳጥኑን ብረት ነክተሽ ግራፊክስ ካርዱን አውጪ። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ጫፍ ላይ የምትይዘውን የፕላስቲክ ምላስ ሳትጫኚ እንዳትስቢው፤ ብዙ ስሎት የሚሰበረው በዚህ ነው። ሞኒተሩን ከማዘርቦርዱ መውጫ ጋር አገናኝተሽ ጠዋት አብሪው።

የመጨረሻው ዕድል፦

እኔ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኝ ካርዱን ምድጃ ውስጥ ከትቼ በ200 ዲግሪ ለስምንት ደቂቃ አሞቅሁት፤ ተነሣልኝ። ቺፑ ሥር ያለው ብየዳ ይቀልጥና እንደገና ይይዛል። ካርዱ ለማንኛውም ሞቷል ከተባለ ምን ትከስሪያለሽ?

ባለ መልቲሜትሩ፦

ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍክ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እርሳስ የሌለበት ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ200 ዲግሪ ምንም ብየዳ አልቀለጠም። ካርድህ ለጊዜው የተነሣው ሙቀቱ ቺፑ ውስጥ ያሉትን የላሉ ጥቃቅን መገናኛዎች ስላጠጋጋቸው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የተነሣ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ተመልሶ ይወድቃል። በዚያ ሙቀት ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ካፓሲተሮቹ (ኃይል የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) ሊያብጡና ሊፈነዱ ይችላሉ፣ የሚወጣው ጭስም ምግብ በሚበስልበት ምድጃ ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር ነው። ከሁሉም በላይ የእህታችን ካርድ መሞቱን እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም። ጤነኛ ሊሆን የሚችል ካርድ እሳት ውስጥ አይገባም።

ፊደል ለቃሚዋ፦

ሦስት ቀን ወስዶብኝ ሁሉንም ሞከርኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን አልደብቅም፤ የኮምፒውተር ሳጥን ከፍቼ ከራም ያለፈ ነገር ነክቼ አላውቅም ነበር።

ስለ ነም ሎክ፦ በሥራ መካከል ሲጨልም መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። ጠዋት ሲጨልም ግን ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። ምንም ድምፅም የለም። ጀማሪ ጠጋኝ እንዳለው ሁለቱ ጨለማዎች አንድ አይደሉም።

የሞኒተሩን ሜኑ ስከፍት ደነገጥኩ። ከቢጫው ገጽ በላይ በረዶ የመሰለ ነጭ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ለወራት የወቀስኩት ሞኒተር ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ኬብሉን ነቅዬ በባትሪ መብራት ሳየው በሞኒተሩ በኩል ባለው ጫፍ፣ በላይኛው ረድፍ መካከል ያለችው ፒን ከጓደኞቿ ይልቅ ወደ ውስጥ ገብታለች። ስቆጥር ሦስተኛዋ ናት። ኬብሉን ነካ ሳደርገው ቀለሙ ይመጣል፣ ይሄዳል።

የሙቀቱ መዝገብ የመጨረሻ መስመር 101 ዲግሪ ይላል። ሲነሣ 58 ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ ሳየው የካርዱ ማራገቢያ አንድ ጊዜ ነቅነቅ ይልና ይቆማል፤ በጣቴ ሳዞረው እንደ ዛገ በር ይከብዳል። ከሥሩ ያለው የብረት ማቀዝቀዣ በአቧራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል።

ካርዱንም አወጣሁት። ማዘርቦርዱ ቪጂኤ አለው። ካርዱ በሌለበት በሁለት ተከታታይ ጠዋቶች አበራሁት፤ በሁለቱም ቀናት እንደ ወትሮው ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ በመጀመሪያው ቀን በሦስተኛው፣ በማግስቱ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ!

ባለ መልቲሜትሩ፦

እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! በሠላሳ ዓመት ልምዴ ምልክቱን እንዲህ ለይተው የሚያመጡልኝ ደንበኞች ጥቂት ናቸው።

ጠጋኙ የከሰሰው ካርድ ከጠዋቱ ችግር ነጻ ነው፤ በቦታው አልነበረምና። አሁን የማስበውን ልንገርሽ። ማራገቢያዎቹ መዞራቸው ሰውን ሁሉ ያታልላል። ማራገቢያ የሚፈልገው የ12 ቮልቱን መስመር ብቻ ነው፤ ትንሽ ቢያንስም ይዞራል። ፕሮሰሰሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጆቹ ሁሉ ተረጋግተው ሲቆሙ «ኃይሉ ደኅና ነው» የሚል ምልክት በራሱ ሽቦ ለማዘርቦርዱ ይልካል። ያ ምልክት እስኪመጣ ድረስ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ይዞ ያቆየዋል። ነም ሎክ የማይሰማው፣ ጡሩምባው የማይጮኸው፣ ስክሪኑም የሚጠቁረው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ገና አልተጀመረም።

ለምን ጠዋት ብቻ? በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ፈሳሽ አላቸው፤ ፈሳሹ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። የደከመ ካፓሲተር ሲቀዘቅዝ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። አንቺ አጥፍተሽ ስታበሪ ሳታውቂው እያሞቅሽው ነው። በሦስተኛው የሚነሣው ለዚህ ነው፤ ቀትር ላይ ጠፍቶ ከሰዓት በመጀመሪያው የሚነሣውም ገና ሙቀቱ ስላልወጣለት ነው።

ይህን በቁጥር እናረጋግጥ። መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ተዋሺ። ሥራ የፈታ ባለ አራት ቀዳዳ ማገናኛ ከፓወር ሰፕላዩ ተንጠልጥሎ ታገኛለሽ። መለኪያውን በቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርገሽ ጥቁሩን ዘንግ በጥቁሩ ሽቦ፣ ቀዩን ዘንግ በቢጫው ሽቦ ቀዳዳ አስገቢ። ሁለቱ ዘንጎች ፈጽሞ እንዳይነካኩ። 12 ቮልት ከተባለው በ5 በመቶ መዋዠቅ ይፈቀድለታል፤ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6። በቀዩ ሽቦ ላይ ደግሞ 5 ቮልት ታገኛለሽ፤ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ጠዋት እንቢ ሲል አንዴ፣ ከተነሣ በኋላ አንዴ ለኪና ጻፊልን።

አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ፤ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን እንዳትከፍቺው። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው ሊቆይበት ይችላል።

ነጠብጣብ፦

ይቅርታ በመካከል ገባሁ። የእኔ ስክሪን ገና የባዮሱ ጽሑፍ ሲወጣ ጀምሮ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦችና ቋሚ መስመሮች ይሞሉታል። ማራገቢያውን አጽድቻለሁ፣ ኬብልና ሞኒተርም ለውጫለሁ። ይህም ፓወር ሰፕላይ ነው?

ጀማሪ ጠጋኝ፦

ባዮስ ላይ ገና ድራይቨር አልተጫነም፤ ስለዚህ ዊንዶውስም ድራይቨሩም ነጻ ናቸው። ኬብሉንና ሞኒተሩን ከቀየርክ የቀረው ካርዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ ማስታወሻ ቺፖች ናቸው። ካርዱን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ነጠብጣቡ ከተከተለው የአንተ ካርድ በእርግጥ አልቆለታል።

ፊደል ለቃሚዋ፦

ለካሁ። ጠዋት እንቢ ሲል ቢጫው 10.9፣ ቀዩ 4.6። በአራተኛው ሙከራ ሲነሣ ቢጫው 11.5፣ ቀዩ 4.9። ካርዱን መልሼ ፎቶግራፎቹን ስከፍት ቢጫው ወደ 11.2 ወረደ።

ባለ መልቲሜትሩ፦

በቃ፣ ተያዘ። ቀዩም ቢጫውም ከተፈቀደላቸው በታች ናቸው። ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር።

ስትመርጪ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ብቻ አትመልከቺ። ከጎኑ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቢ፤ 12 ቮልቱ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይጽፋል። በድሮ ፓወር ሰፕላዮች ከተጻፈው ዋት ብዙው በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ነበር፤ ለ12 ቮልቱ 16 ወይም 18 አምፔር ብቻ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ካርድሽ ከስሎቱ እስከ 75 ዋት፣ ከባለ ስድስት ፒኑ ገመድ ሌላ 75 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ድምሩ 150 ዋት ማለት በ12 ቮልት 12.5 አምፔር ነው። ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ሲጨመሩ ከ25 አምፔር በላይ የሚሰጥ ብትወስጂ እንቅልፍሽን ትተኛለሽ። ባለ ስድስት ፒን ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚወጣ ይሁን፤ በአዳፕተር የተቀጣጠለ አልወድም።

ካርዱንም ፍቺው። ማቀዝቀዣውን የያዙትን ብሎኖች ተራ በተራ፣ በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እያላላሽ አውጪ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአልኮል አጽጂ። በቺፑ መካከል የስንዴ ቅንጣት የምታህል አዲስ ፔስት ይበቃል። ማራገቢያው የከበደው የመሐል ዘንጉ ዘይት ስለደረቀ ነው። ከጀርባው ያለችውን ወረቀት ልጠሽ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ብታደርጊበት ለጥቂት ወራት ይዞራል። ዘላቂው ግን ማራገቢያውን መቀየር ነው፤ ልኩ ካልተገኘ ባለ 80 ሚሊሜትር የሳጥን ማራገቢያ በፕላስቲክ ማሰሪያ በማቀዝቀዣው ላይ አስረሽ ከማዘርቦርዱ የማራገቢያ ሶኬት ኃይል መስጠት ይቻላል። እኔ እንዲህ ያሰርኩት አንድ ካርድ አራት ዓመት ሠርቷል።

ፊደል ለቃሚዋ፦

ዘግይቼ ስለተመለስኩ ይቅርታ፤ ሁሉንም ካየሁ በኋላ ልጽፍ ብዬ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ጠዋቴ ነው፤ አሥራ ሁለቱንም በመጀመሪያው ሙከራ ተነሥቷል። ጠዋት ቢጫው 12.1 ነው፤ ፎቶግራፎቹን ስከፍትም ከ12 አይወርድም። በካርዱ ላይ ባለ 80 ሚሊሜትሩን ማራገቢያ አሰርኩበት፤ አያምርም፣ ሙቀቱ ግን ቀኑን ሙሉ ከሠራሁ በኋላ 69 ነው። የማጽዳቱ ሥራ አንድ ሙሉ ከሰዓት ወስዶብኛል። አንዱ ብሎን ወለል ላይ ወድቆ አልጋ ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁት።

ኬብሉንም ቀየርኩ፤ እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ገጾቹ እንደገና ነጭ በሆኑ ጊዜ በእነዚህ ወራት ያስተካከልኳቸውን ፎቶግራፎች ከፈትኩ። ሁሉም ሰማያዊ ናቸው። የሰዎቹ ፊት የበረደው ይመስላል። ለካ ስክሪኔ ቢጫ ስለነበረ ዓይኔ ደስ እስኪለው ድረስ ሰማያዊ ስጨምርባቸው ኖሬአለሁ። ከእነርሱ መካከል ወደ ማተሚያ የተላከ አንድም የለም፣ ተመስገን። ዋናዎቹን ፎቶግራፎች አስቀምጬአቸው ስለነበር አንድ መቶ አርባ ሦስቱን ከመጀመሪያው እንደገና እየሠራኋቸው ነው። ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ነኝ።

ባለ መልቲሜትሩ፦

ቀሪዎቹን ከመሥራትሽ በፊት ሞኒተሩን ሠላሳ ደቂቃ አሙቂው፤ ባለ 19 ኢንቾቹ የዚያ ዘመን ሞኒተሮች የኋላ መብራታቸው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ቀለሙም ብርሃኑም ገና አይረጋም። የቀለም ማስተካከያውንም ከሜኑው ወደ ፋብሪካው ልክ መልሺው፤ ምናልባት ቢጫውን ለማጥፋት ነካክተሽው ይሆናል።

ፊደል ለቃሚዋ፦

ነካክቼው ነበር። ሰማያዊው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ አገኘሁት። ስለዚህ ሠላሳ ስምንቱንም እንደገና እጀምራለሁ።